በአያ ታከለ ካብ ላይ ያፈርኩት

ፈረንጆች ከደባርቅ ወደ እኛ ሰፈር መጥተው፣ ገደሉ ላይ ደረጃ በደረጃ የተዘረጋውን የገብስ እርሻ እያዩ ሲደነቁ ምላሴ አላስችል አለኝ። «ይህን ካብ ሁሉ የካብኩት እኔ ነኝ! ዋልያ እንኳ እኔን አስፈቅዶ ነው የሚያልፈው» አልኩ። አስጎብኚው ተረጎመላቸው፤ አጨበጨቡልኝ። የእርሻው ባለቤት አያ ታከለ አጠገቤ ቆመዋል። ወገባቸው የጎበጠው ያንን ካብ ሲክቡ ነው።

ፈረንጆቹ «እስቲ ስትክብ እንይህ» አሉ። ጎርፍ የናደው ቦታ ነበርና ድንጋይ አንስቼ መደርደር ጀመርኩ። ትንሽ ከፍ ሲል ድርድሩ ሁሉ ተንከባለለና ከታች ያለውን ደህናውን ካብ ይዞት ወረደ። ክረምቱ ደግሞ ደጃፍ ላይ ነው፤ ካብ የሌለው አፈር ገደል ነው የሚገባው። ስድባቸውን ስጠብቅ አያ ታከለ ለአስጎብኚው «እጁን አሞት ነው እንጂ እሱማ ያውቅበታል» አሉት። ቄሱ እንኳ ለምስክርነት የሚጠሯቸው ሰው ለእኔ ሲሉ ዋሹ!

እንግዶቹ እንደሄዱ «አያ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«በል፣ በዚያው በታመመው እጅህ ድንጋይ አቀብለኝ» አሉኝ።

እስኪመሽ ሳቀብላቸው ዋልኩ። አንዴም ቀና ብዬ ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም።