የየኔታ ጠፍር

ተጎታቼ ላይ የተሳፈረ ሁሉ ሲመርቀኝ፣ «ምርቃቱ ለየኔታ ይድረስ» እላለሁ። ተጎታቹን ራሴ በይጄ ከሞተር ብስክሌቴ ኋላ ያሰርኩት ሰሞን፣ ንጥረትን የሚያበርደውን የብረት ንጣፍ፣ የአሮጌ ሚኒባስ ባሌስትራ፣ ስለገጠምኩበት ኮርቼ ነበር። ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ እግራቸው ሲሰበር ጭኜ ወደ ዳባት ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ባሌስትራው ግን ለመኪና ክብደት የተሠራ ነውና፣ ለአንድ ቀጭን ሽማግሌ ለመጥ አልል አለ። በየድንጋዩ ሲያነጥራቸው «እግዚኦ» ይሉ ነበር።

ስንደርስ ይቆጡኛል ስል፣ «ልጄ፣ እኔ ቤቴ የምተኛው በጠፍር አልጋ ነው። ይህን የተኛሁበትን ጣውላ አንሣና በምትኩ ጠፍር ወጥርበት» አሉኝ። እግራቸው እስኪታሰር ገበያ ሮጬ ጠፍር ገዛሁ፤ እንዳሉኝም አደረግኩ።

ስንመለስ ድምፃቸው ጠፋ። ሞቱብኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ቆሜ አየኋቸው፤ ተኝተዋል። ለሦስተኛ ጊዜ ስቆም ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው፣ «ልጄ፣ አሁን የሚያንገጫግጨኝ ያንተ መቆም ነው» አሉኝ።