ከአልጋው ጋር የመጣች

ግቢ ልጄ፣ ግቢ። ፀሐዩ ከረር ብሏል አይደል? ትኬቱን የምቆርጠው እኔው ነኝ። ዣንጥላሽን እዚያ ጥግ አስደግፊው። ከተማችን ትንሽ ብትሆንም የሚታይ አላት፤ የድሮው ፖስታ ቤት አለ፣ የድንጋዩ ድልድይ አለ፣ ከዚያ ይሄው ሙዚየማችን። በስተቀኝሽ ያለው የኃላፊው ቢሮ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል… ይሁን፣ እኔ እንደሆነ ከአፌ ክፉ አይወጣም።

ትኬትሽን እስክጽፍ አንድ ነገር ላጫውትሽ? የዚህ ከተማ አይደለም፣ የሌላ ነው። እዚያም ሙዚየም ነበረ አሉ፤ ትኬት ቆራጭም ነበረች… እኔን የምትመስል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ የአንዲት አሮጊት ሆድ ግን የሙዚየም ኃላፊ ወለደ። ትጉህ ሰው ነው። አንድ ክፍል ባዶ ቢሆንበት እንቅልፍ አጣ። ሌላው ቢሆን ቆልፎት ዝም ይላል። እሱ እናቱ ቤት ሄዶ የምትተኛበትን አልጋ አስጫነ፤ ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው አላት። ራስጌው ላይ «የንጉሥ አልጋ» ብሎ ጻፈበት። የትኛው ንጉሥ? እሱን ለሊቃውንት ተወላቸው። ትሕትና ማለት ይሄ አይደል?

ሁለት ሳምንቱ አራት ወር ሞላው። ወለል ላይ መተኛት ወገቧን ቢይዛት፣ እናትየው አንድ ረፋድ ትኬት ቆርጣ ገባች። አዎ፣ ቆርጣ፤ ልጄን አላሳፍረውም ብላ። አልጋው በተከለለበት ገመድ ሥር ጎንበስ ብላ አለፈችና አልጋዋ ላይ ጋደም ስትል እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ጎብኚው ተሰበሰበ። እንዴት ሕያው አስመስለው ሠሯት ተባለ። አንዱ አፍንጫዋን ሊነካ ሲል አስነጠሰች፤ አጨበጨቡ።

ልጅየው ያባርራታል ብለሽ ነው? ኧረ እሱ እቴ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይላሉ፤ እሱ ግን ጠጠሩን እንኳ በመስታወት ሳጥን አድርጎ፣ መብራት አብርቶበት ነው የሚመልሰው። በየማለዳው እንድትመጣ አደረገ። መግለጫም ጻፈላት፦ «አሮጊት። ስሟ ያልታወቀ።» አንዲት የፊደል ግድፈት የለበትም። እናቱን እንዲህ ያለ ቦታ የሚሰጥ ልጅ ስንት አለ? እሷም ከፋኝ አላለች። አልጋዬ ላይ ነኝ፣ ልጄንም በቀን ሁለቴ አየዋለሁ ትል ነበር።

ኋላ ከበላይ አካል ሹሞች ሊጎበኙ መጡ። አንዷ ሹም ጠጋ ብላ ይቺ ሴትዮ ማን ናት ብትል፣ አሮጊቷ ዓይኗን ገልጣ ልጇን ጠበቀች። እሱ ክራቫቱን አስተካከለ።

«ከአልጋው ጋር የመጣች ናት» አለ።

ውሸት አለው? የለውም። እሱስ ቢሆን ከየት መጣና… እዚያው አልጋ ላይ አይደል የተወለደው?

አሮጊቷ ቀስ ብላ ወረደች። አንሶላውን አስተካከለች፣ መግለጫዋን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና ወጣች። አሁን የምታድረው ትኬት ቆራጯ ቤት ነው፤ እዚያ ስሟን የሚያውቅ ሰው አለ። ልጅየው እስካሁን ብቅ አላለም። ሥራ ይበዛበታል፣ አትፍረጂበት።

ምነው፣ ቢሮ ውስጥ ወንበር ተንቋቋ እንዴ? ነፋስ ነው…

በይ እለፊ፤ አልጋው ሁለተኛው ክፍል ነው። ውይ… የኛ አልጋ ማለቴ ነው። ያን ሰውዬ ግን እግዜር ይባርከው። ዕድሜውን ያርዝምለት፣ ጸጉሩ ነጥቶ ወገቡ እስኪጎብጥ ያኑረው። ልጅም ይስጠው… ቁርጥ እሱን የመሰለ።