ዓይን ታስሮ የተገጠመ መቀርቀሪያ

የቶርኖ፣ የብረት መቅረጫ ማሽን፣ መምህርቷ ለትምህርት ቤቷ ማሽኖች ዘይት ገዝታ ከመደብሩ ስትወጣ በሩ ላይ ከአጎቷ ጋር ግንባር ለግንባር ተገጣጠመች። እሳቸውም ዘይት ፈልገው ነው የመጡት፤ የእሳቸው ግን ለጠመንጃ ነው። ከአባታቸው የወረሱት አሮጌ የወታደር ጠመንጃ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖሮ ኖሮ፣ ቅዳሜ በተኩስ ክበቡ ሜዳ በጡረተኞቹ ፊት ሊተኮስ ነው። አጎቷ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። ጠመንጃውን ፈታትተው እንዳጸዱት፣ ከዚያም እንደ አባታቸው ወግ ዓይናቸውን በሻሽ አስረው፣ በዳሰሳ ብቻ መልሰው እንደገጠሙት እዚያው በር ላይ ተረኩላት።

«ያ ዕድሜ ልኩን ሲያስቸግር የኖረ መቀርቀሪያ፣ አሁን በአንዲት ጣት ገፋ ስታደርጊው ሽው ብሎ ይገባል» አሉ።

መምህርቷ ሽው ብሎ የሚገባ ብረት አትወድም። ተማሪ መጥቶ «በቀላሉ ገባልኝ» ሲላት፣ መጀመሪያ የምትጠይቀው ምን እንደረሳ ነው። በዚያ ላይ ይህ ጠመንጃ የአባቷን አንድ ዓይን ያጠፋ ጠመንጃ ነው። ዘይቷን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ተከተለቻቸው።

ቤት እንደደረሱ አጎቷ ጠመንጃውን አውርደው ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት። ጥይት እንደሌለበት እንይ ስትላቸው፣ የለበትም አሉ። እንደሌለበት አምናለሁ፣ ግን እንይ አለች። ባለቤታቸው የማድ ቤቱ በር ላይ ሽንኩርት እየላጡ ነበር።

«ይታይ እንጂ» አሉ፤ «ማየት ይጨርሰዋል እንዴ?»

ታየ። ባዶ ነው።

«ጋሼ፣ መቀርቀሪያውን ሲዘጉት የፊተኛው ጫፍ ይዞራል?»

«ይዘጋል።»

«መዝጋቱን አየሁ። ይዞራል ወይ ነው ያልኩት።»

«አንቺ ልጅ፣ የተዘጋ ነገር ተዘጋ ነው። ምላጩም ይሠራል፤ ስሚ» ብለው ቀጭ አደረጉት።

አንባቢ ሆይ፣ ነገር ከሚያስረዳው ሰው ይልቅ የማይሰማው ሰው ድምፁ ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው፤ መምህርቷም ይህን ስለምታውቅ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። በዚህ ዓይነቱ ጠመንጃ መቀርቀሪያው ወደፊት ሲገፋ ጫፉ ላይ ያሉት ጥርሶች ዞረው የጠመንጃውን አካል ነክሰው መያዝ እንዳለባቸው አስረዳቻቸው። ዱሮ ያስቸገራቸውም ይኸው መዞሩ ነበር። ጫፉ በተሳሳተ አቅጣጫ ከተገጠመ ግን ሳይዞር ቀጥ ብሎ ይገባል። የተዘጋ ይመስላል፣ ምላጩም ይሳባል፣ ነገር ግን የያዘው ነገር የለም። ጥይቱ ሲፈነዳ መቀርቀሪያው ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የስኳር ብልቃጥ እያሳየች፣ ክዳኑ ሳይዞር ከላይ ቢቀመጥም እኮ የተከደነ ይመስላል አለች። የአጎቷ ሚስት አንዳቸው ገልብጠው ሳይሞክሩት ብልቃጡን አንስተው ወሰዱ።

«አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ዓይኑን አስሮ ነው የገጠመው» አሉ አጎቷ። «ወታደር በጨለማ ነው የሚገጥም። እያየ የሚገጥም ወንድ በዚህ ቤት አልነበረም።»

«በጨለማ የገጠመ ወታደርም ሲነጋ ያየዋል፣ ጋሼ።»

«ጣቴ ያያል።»

«ጣቱ!» አሉ ሚስትየው ከማድ ቤት። «ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ነኝ። ጣቱ ቁልፍና ቀዳዳ መለየት ካቆመ ሰነበተ።»

አጎቷ ይህን እንዳልሰሙ ሆኑ። የቶርኖ ትምህርት ሌላ፣ የጦር መሣሪያ ሌላ መሆኑን አብራሩ። የዛሬ ልጆች ሁሉን ነገር ካልነካኩ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው ተናገሩ። እሷ ይዞራል ወይ ትላለች፣ እሳቸው አባቴ ይላሉ፤ ደግማ ይዞራል ወይ ትላለች፣ ደግመው አባቴ ይላሉ። የገዛችው ዘይት ከብብቷ ሥር ሾልኮ ሊወድቅ ሲል ነው እስካሁን አቅፋው መቆሟን ያወቀችው።

«የእኔ አባትስ?» አለች በመጨረሻ። «ቅዳሜ የእርስዎን ዓይን ደግሞ እንድናጣ ነው?»

«አባትሽን የጎዳው ጠመንጃው አይደለም። ደንግጦ ነው። ምላጩን ሲስብ ፊቱን አዞረ፣ ሰደፉ መታው። ድንጉጤ የተባለው በከንቱ መሰለሽ?»

ይህን ስም ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች። አባቷ በገበያም በለቅሶ ቤትም ድንጉጤ ናቸው፤ ሲጠሩ አቤት ይላሉ። ዛሬ ግን ዘይቷን አስቀምጣ፣ ጠመንጃው አጠገብ ያለውን የአፈሙዝ መወልወያ ዘንግ አነሳች።

«እሺ ጋሼ። አንድ ነገር ላሳይዎት፣ ከዚያ እሄዳለሁ።»

«ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ። ይዝጉትና መዳፍዎን ከመቀርቀሪያው ኋላ ያድርጉ፤ ሲያልሙ ጉንጭዎ በሚያርፍበት በኩል። እኔ የመወልወያውን ዘንግ በአፈሙዙ አስገብቼ ቀስ ብዬ እገፋለሁ። ጥርሱ ከያዘ ንቅንቅ አይልም።»

አጎቷ ለመገላገል ሲሉ ዘጉት፣ እየሳቁም መዳፋቸውን አስደገፉ። ዘንጉን ለመግፋት አንድ ጣት በቃት። መቀርቀሪያው ያለ ምንም ድምፅ ተንሸራቶ መጣና መዳፋቸው ውስጥ አረፈ።

ሳቃቸው ቆመ። ራሳቸው መልሰው ዘጉት፣ በሁለት እጅም ጫኑት። ገፋች፤ መጣ። ከዚያ ዘንጉን ከእጇ ተቀብለው ራሳቸው ገፉ፤ ለእሳቸውም አላዳላም። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ያን ቀንም ለስልሶ ነበር» አሉ።

«አባቴ የተመታ ቀን?» አለች መምህርቷ።

«ግቢው በእንግዳ ሞልቷል። አባባ ዓይናቸውን አሰሩ፣ ገጠሙት፣ ሁሉም አጨበጨበ። ተኩስ ብለው ለአባትሽ ሰጡት። ሲዘጋው ምን አለ መሰለሽ? አባባ፣ ዛሬስ እንዴት ለሰለሰ አለ። ለአባባ ምስጋና መስሎን ደግመን አጨበጨብን።»

ሚስትየው ቢላዋውን አስቀመጡ። መምህርቷ መቀርቀሪያውን አውጥታ ጫፉን ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ አዞረችና መልሳ ሰጠቻቸው። አሁን እያዩ ይዝጉት አለች። አጎቷ መነጽራቸውን አደረጉ። መቀርቀሪያው እንደ ዱሮው አንገራገረ፣ ጫፉ ዞረ፣ ጥርሱ ያዘ። ዘንጉን ቢገፉት ቢገፉት አልነቃነቅ አለ።

«ያስቸግራል» አሉ፤ ድምፃቸው ግን የተማረረ ሰው ድምፅ አልነበረም።

በማግስቱ ክበቡ ያመጣው የጠመንጃ ባለሙያ መርምሮ አሳለፈው። ሚስትየው በጥፍር ቀለማቸው መቀርቀሪያውም ጫፉም ላይ ቀይ ምልክት አደረጉ፤ ጫፉ በትክክል ካልተገጠመ ቀዩ ከቀዩ አይገጥምም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ክበብ ዓይኑን አስሮ የሚገጥም የለም። ጥይት እንደሌለ ይታያል፣ ጫፉ መዞሩ ይታያል፣ ዘንግ በአፈሙዙ ገብቶ ይገፋል፤ ይህ ሁሉ ሻሽ ፈልጎ ከማሰር ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ጥቅሙም ቀላል አይደለም፤ ተኳሽ ሙሉ ፊቱን ይዞ ቤቱ ይገባል፣ የሰው ጉዳትም በተጎጂው ፍርሃት አይመካኝም።

ቅዳሜ ዕለት ግን ይህ ሁሉ ገና አዲስ ነበር። አጎቷ ጠመንጃውን ይዘው ጡረተኞቹን አልፈው፣ ከሁሉ ኋላ ወደ ቆሙት ወንድማቸው ሄዱ። ድንጉጤ ብሎ መጥራት የለመደ አፋቸው ሌላ ስም ለማምጣት ጊዜ ወሰደ።

«ወንድሜ፣ እስኪ እይልኝ።»

የመምህርቷ አባት ደኅናውን ዓይናቸውን ወደ ብረቱ አስጠጉ።

«ዝጋው።»

ዘጉት።

«ድገመው።»

ደገሙት። ጡረተኞቹ ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ።

«አሁንም አንዴ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሊመሽብን ነው እኮ።»

«ይምሽ» አሉ አባቷ፣ ቀና ሳይሉ። «ድገመው።»

አጎቷ ደገሙት።