ያልተለበለበ ምሰሶ

ወንድሜ በሕይወት በነበረበት የመጨረሻ ቀን ከዲጋ ወደ ነቀምቴ በላንድሮቨር አብረን ተሳፈርን። ከፊታችን የተቀመጡ አንዲት እናት አጠገባቸው ያለውን አናጢ ይቆጡታል።

«ባሕር ዛፉን ሳትልጥ፣ እግሩን በእሳት ሳትለበልብ ምሰሶ ብለህ ተከልክብኝ! ምስጥ በላው፤ ቤቴ ተንጋደደ!»

«አዴ፣ ቆርቆሮ ከለበሰ በኋላ እግሩን ማን ያያል?»

«ምስጥ ያያል!»

ተሳፋሪው ሳቀ።

«ወፍጮ ቤቱ አጠገብ የሠራሁት የኪራይ ቤትስ? እንዲሁ ተክዬው ቆሞ የለም?»

«እስኪወድቅማ ሁሉም ይቆማል!»

ያ ቤት ወንድሜ የተከራየው ነው። ሳቁን አቆመ።

«ነገ ጠዋት ቆፍሬ አየዋለሁ» አለኝ።

ሌሊት በጣለው ዝናብ ቤቱ ወደቀበት።

በማግስቱ ጠዋት ለቀስተኛው እያየኝ ዶማ አነሣሁና መሬት ውስጥ ተሰብሮ የቀረውን የምሰሶ እግር ቆፍሬ አወጣሁ።