ከሸሚዝ ቁልፍ ያነሰ መሪ

በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ሲኒማ ራስ ከታክሲ እንደ ወረድኩ የቀድሞ ጎረቤቴን ሀጂ ሀያቱን አገኘኋቸው። ሀጂ በመርካቶ፣ ሰባተኛ በተባለው ሰፈር የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ዓይናቸው ከጠፋ ግን ቆይቷል። የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የሆነችው ልጃቸው ሱሀይር እጃቸውን ይዛለች። ሁለቱም ተኳርፈዋል።

«ሀጂ፣ እንደምን ሰነበቱ? ያለምወርቅ ነኝ።»

«እትዬ ያለምወርቅ! ደግሞ ከየትኛው አገር ተመለሱ?» ብለው ሳቁ። ሳቁ ግን አልቆየም። «ሱቄን ለተከራይ ላስረክብ እየሄድኩ ነው። መሪ እስኪገኝ ቤት ተጎልቶ የሚውል ሰው ምኑን ነጋዴ ሆነ?»

«መሪውንማ ሠርቼ ነበር፤ አላስርም አሉ እንጂ» አለች ሱሀይር። እንደነገረችኝ፣ ደረት ላይ የሚሰካው መሣሪያ ከፊት ያለውን እንቅፋት ያውቃል፤ ክንድ ላይ የታሰረው ደግሞ በንዝረት ይናገራል።

«ልጆች እያሉኝ ብቻዬን ስሄድ ያየኝ ሰው ምን ይላል? ‹ሀያቱን ልጆቹ ጣሉት› ነው የሚለው! ደግሞስ ያ የመጀመሪያው ዕቃሽ ክንዴን አደነዘዘኝ። አንዱን ጣቃ ካለፍኩ በኋላም መንዘሩን አልተወ፤ ከሌላው ጋር አላተመኝ።»

«እውነትዎን ነው፣ አባባ። ትልቅ ካልሆነ አያምኑልኝም ብዬ ከባድ ሞተር አሰርኩልዎ። የሚሽከረከር ሞተር ለመነሣትም ለመቆምም ይዘገያል። አዲሱ አይሽከረከርም፤ ትንሽ ማግኔት በስስ ሞላዎች መካከል ወዲያና ወዲህ ይላል። ሞላው በተፈጥሮው ከሚወዛወዝበት ፍጥነት ጋር ስለሚስማማ ጥቂት ባትሪ ይበቃዋል። ሲታዘዝ ይነሣል፤ በቃህ ሲባል ዝም ይላል።»

መዳፋቸው ላይ አኖረችው። ከሸሚዝ ቁልፍ ያንሳል።

«ከዱባይ ነው?»

«ከዚሁ ከሰባተኛ ነው፤ ሽቦውን የጠመጠምኩት እኔ ነኝ።»

«ይህቺ ሚጢጢ ምን ልትነግረኝ!»

«አባባ፣ ጨርቅ ሲለዩ ጨምቀው ነው ወይስ በስሱ ዳስሰው?»

«በስሱ ነዋ! የሚጨምቅማ ለማጅ ነው።»

«እንግዲያስ ክንድዎም በስሱ ሲነገረው ይሰማል። እጅዎን መያዝ ለእኔ ክብር ነው። ግን እኔ ሥራ በገባሁ ቁጥር እርስዎ ቤት ይቀራሉ። መጣልስ ይህ አይደለም?»

በዞርኩበት አገር ሁሉ፣ ሰው ከችግሩ ይልቅ የሰው አፍ ሲያስፈራው አይቻለሁ። ሀጂ በመጨረሻ ክንዳቸውን ዘረጉ።

አንዱን ደረታቸው ላይ ሰካች፤ ሌላውን ክንዳቸው ላይ አሰረችላቸው፤ ምርኩዛቸውን ይዘው ከፊት ከፊታችን ሄዱ። ፍራሽ የተሸከመ ኩሊ «ዞር በሉ!» እያለ ድንገት ከጎን ታጥፎ ፊታቸው ገባ። ሀጂ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ፍራሹ ጢማቸው አጠገብ አለፈ።

«ሚጢጢዋ ነገረችኝ! ሲያልፍም ወዲያው ዝም አለች!» ብለው ጮኹ።

ሱቁ በር ላይ የሚጠብቀውን ተከራይ «ይቅርታህን፤ ይህ ሱቅ ነጋዴ አለው» ብለው ሸኙት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሀጂ ወደ ሱቅም ወደ መስጊድም በፈለጉት ሰዓት ይሄዳሉ፤ ሱሀይርም ልቧ ሳይሰቀል ሥራዋ ላይ ትውላለች። ሽማግሌ መውደድ እጁን በመያዝ ብቻ አይገለጽም፤ መንገዱን ለራሱ መመለስም ፍቅር ነው። አገራችንም የልጆቿን ሥራ ሳትንቅ ብትሞክር ብዙ ታተርፋለች።

ትናንት ጎረቤታቸው ፉርቃን ከመንገድ ማዶ ሲጣራ ሰማሁት፦ «ሀጂ! ምነው ብቻዎን? ልጅዎ የት ሄዳ ነው?»

ሀጂ ደረታቸውን ነፍተው ክንዳቸውን ከፍ አደረጉ።

«ይኸውልህ፣ የልጄ እጅ!»