አያ ሞላን ያወረድኩበት ዳገት

ወደ አይከል ገበያ ስሄድ ሞተር ሳይክሌ ዳገቱ ላይ ይጮኻል እንጂ አልሄድ አለኝ። ከኋላ ያፈናጠጥኳቸውን ሽማግሌ ጎረቤቴን፣ «አያ ሞላ፣ ከበዱኝ መሰል፤ ይውረዱ» አልኳቸው። ወርደው የቀረውን መንገድ በእግራቸው ተያያዙት። አይከል ደርሼ ያሳየሁት መካኒክ ማርሽ ሲቀየር የሚጨበጠውን የፍሪሲዮን እጀታ ነካ ነካ አድርጎ፣ «ሽቦውን ማነው እንዲህ የወጠረው? ትንሽ ላላ ካላለ እኮ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ የሞተሩ ጉልበት ጎማው ጋ አይደርስም፤ ዳገት አይወጣልህም» አለኝ። ጠዋት ጠበቅ ቢል ይሻላል ብዬ የወጠርኩት እኔው ነኝ። እሱ በሁለት ጣቱ አላልቶ ጨረሰው።

በሌላ የገበያ ቀን አያ ሞላን መንገድ ላይ አግኝቼ «ይውጡ» አልኳቸው። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ተወው ልጄ፣ በኔ ክብደት ንብረትህ አይጎዳ» አሉኝ። እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «እሺ፣ እንዳሉ» ብቻ ነበር።