ለአለሚቱ የጠፋ ዋስ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ የእድሩ ሊቀመንበር አጸደ ከዕቃ ቤቱ በራፍ ተቀምጣ የተቀደደ የእድር ድንኳን ትሰፋለች፤ የዕድሜ እኩያዋና ጎረቤቷ፣ ጡረተኛው የታሪክ መምህር ይርዳው፣ ፊቷ ተገትሯል።

ይርዳው፦ እኔ ከእሑዱ ጉባኤ ፕሮግራም አውጫት አላልኩም። ለከርሞ ይተላለፍላት ነው ያልኩት።

አጸደ፦ እስቲ ዞር በልልኝ፤ ጋርደኸኝ መርፌው አይታየኝም።

ይርዳው፦ በየዓመቱ ከጠቅላላ ጉባኤው በኋላ ስለ ዘር ጭፍጨፋ የማስተምረው እኔ ነኝ። ሩዋንዳ ውስጥ ሰው ጎረቤቱ ላይ ገጀራ እስኪያነሳ ድረስ ሬዲዮው ምን ይል እንደነበር፣ ካርታ ዘርግቼ፣ ላብ በላብ ሆኜ። ይህን ሰፈር ማን አነቃው?

አጸደ፦ አንተ። ማን ካደህ?

ይርዳው፦ ታዲያ ትናንት ተፈናቅላ የመጣች ሴትዮ በሴቶች ማኅበር ላይ ሁለት ቃል ስለተናገረች፣ የእሑዱን ሰዓቴን ቆርሰሽ ትሰጫታለሽ?

አጸደ፦ ወይዘሮ አለሚቱ ነው ስሟ። ቀንተሃል እንዴ መምህር?

ይርዳው፦ ምን ያስቀናኛል?

አጸደ፦ እኔ እንጃ። ጆሮህ ቀልቷል።

ይርዳው፦ እሺ ቀናሁ። ደስ አለሽ? ባለቤቴ ከዚያ ማኅበር ዓይኗ አብጦ መጣች። ራትም አልበላ አለች። እኔ ሳስተምር ምን ታደርጋለች መሰለሽ? ምስር ትለቅማለች። ሰፌድ ይዛ አዳራሽ ድረስ እየመጣች።

አጸደ፦ አይቻታለሁ። ንግግርህ ሲረዝም እኔም ላግዛት ይቃጣኛል።

ይርዳው፦ ሳቂ። ለመሆኑ ሴትዮዋ ምን ብትል ነው እንዲህ ያንሰቀሰቀቻቸው?

አጸደ፦ ስለ እድራቸው ነው ያወራችው። ቤታቸው ሳይቃጠል በፊት መጀመሪያ ከእድር ነው የሰረዟቸው። አባቷ ሲሞት ድንኳኑን ከለከሏቸው። አብረዋት ያደጉ ሰዎች በደጃፏ አልፈው ገበያ ሄዱ። «ያን ዕለት ነበር መሸሽ የነበረብን» ነው ያለችው።

ይርዳው፦ መቼም ሆድ ማባባት ይችሉበታል። እነሱ ድሮም መድረክ ይወዳሉ።

አጸደ፦ እነሱ እነማን?

ይርዳው፦ እነሱ ናቸዋ። ከዚያ የሚመጡት።

አጸደ፦ ይርዳው።

ይርዳው፦ ምን?

አጸደ፦ አምና ባለሱቁ ይህንኑ ቢል አዳራሽ መሃል አስነስተህ ይቅርታ አስጠይቀኸዋል። «የሚጀመረው እንዲህ ነው» ብለህ ስትቆጣው ሰውየው ሊያለቅስ ደርሶ ነበር። ዛሬ አንተን ማን ይቆጣህ?

ይርዳው፦ ተናድጄ ነው። አፌ አዳለጠኝ።

አጸደ፦ ባለሱቁም ተናዶ ነበር።

ይርዳው፦ ይሁን፣ ጥፋቴ ነው። ደንብ ግን ደንብ ነው። አባል ያልሆነ ሰው በጉባኤያችን አይናገርም።

አጸደ፦ ለዚህ እኮ ነው የአባልነት ጥያቄዋ አስቀድሞ የሚቀርበው። ያንንም የሚቃወሙ አሉ።

ይርዳው፦ እድር አትግባ ብለው? እነማን ናቸው?

አጸደ፦ ሻምበልና ወዳጆቹ። «ዘሩን የማናውቀውን ሰው አንቀብርም» ብለዋል።

ይርዳው፦ ሻምበል? ከፊት ወንበር ተቀምጦ ሁልጊዜ የሚያጨበጭብልኝ?

አጸደ፦ እሱው ራሱ። አሁን ደግሞ አንተ «እሷ አትናገር» ማለትህን ሲሰማ «መምህሩም ከእኛ ጋር ነው» ይላል። የቀረው ሰውም አንተን አይቶ እጁን ያወጣል። እሷ ለሁለተኛ ጊዜ ከእድር በር ትመለሳለች።

ይርዳው፦ እኔ ያልኩት ሌላ፣ እሱ የሚለው ሌላ።

አጸደ፦ ማን ይለይልሃል? ደንቡን ካነሳህ፣ ዋስ ያስፈልጋታል። አንድ ነባር አባል ጉባኤው ፊት ቆሞ «አውቃታለሁ፤ ብትሞት እኔ እቀብራታለሁ» ሊልላት ይገባል። እስካሁን የተገኘ የለም።

ይርዳው፦ አንቺስ?

አጸደ፦ ሊቀመንበር ዋስ አይሆንም። ደንብ ነው፤ ያወጣኸውም አንተ ነህ።

ይርዳው፦ እኔ ብቆምላት ሻምበል ዳግመኛ አያጨበጭብልኝም።

አጸደ፦ አያጨበጭብልህም። ሰላምታም ሳይነፍግህ አይቀርም።

ይርዳው፦ እንግዲህ እይልኝ። እሷ ትናገራለች፣ ሰው ሁሉ ያለቅስላታል፤ እኔ ደግሞ በእሷ ምክንያት የቀሩኝን አድማጮች ላጣ ነው። ይህ ፍርድ ነው? እውነቱን ልንገርሽ አጸደ፣ አንጀቴ አሮብኛል።

አጸደ፦ ይረር። ቅናቱን ተወው አላልኩህም። ይዘኸው መቆም ትችላለህ።

ይርዳው፦ ዋሽቼስ እንዴት እቆማለሁ? «አውቃታለሁ» በል ነው የምትዪኝ። ሴትዮዋን አንድ ቀን አነጋግሬያት አላውቅም። ከተማው ዳር ያለው መጠለያ ውስጥ አይደል የምትኖረው? እዚያ ድረስ በዚህ ጉልበቴ እንዴት ልሂድ?

አጸደ፦ መጠለያውን ከለቀቀች ክረምት አለፈ። ከአጥርህ ጀርባ ነው የምትኖረው፣ ይርዳው። ጠዋት ጠዋት እንቅልፍ ነሱኝ የምትላቸው ልጆች የእሷ ናቸው።